እማዬ በፈረስ፣ ጎረምሳው በጋሪ

የዘንድሮውን ሰመር ያቀድነው ለልጁ ነበር። የተወለደው በዲሴምበር ነው። ብርዱ እስኪያልፍ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ባለ አንድ መኝታ ቤታችን ውስጥ ተዘግተን ከረምን። ሙቀቱ ሲመጣ ስድስት ወር ሞላው፤ አንገቱ ጸና፣ መቀመጥ ጀመረ፣ ጉንጩ ተነፋ። “ጎረምሳው” እንለዋለን። አባቱ “በዚህ ሰመር የሚያመልጠው ነገር አይኖርም” ብሎ ስልኩ ላይ የምንሄድባቸውን ቦታዎች ደረደረ።

ከዚያ እማዬ ከባሕር ዳር መጣች።

ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ እና የአጥሚት እህል በሁለት ሻንጣ ሞልታ መጣች። ከሥር ደግሞ አንቀልባ። እኔንም ወንድሞቼንም ያዘለችበት፣ ዛጎል የተሰፋበት የቆዳ አንቀልባ። ባለቤቴ ካርሲቱን (የመኪና መቀመጫውን)፣ ስትሮለሩን (የሕፃን ጋሪውን)፣ ደረት ላይ የሚታሰረውን ማዘያ ሲያሳያት ዝም ብላ አየችና “ጥሩ ነው፤ ለዕቃ መያዣ ይሆናል” አለችው።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ሌሊት ነው የምሠራው። ባለቤቴ መኪና ይነዳል፤ ቅዳሜና እሁድ ለእሱ የገበያ ቀን ነው። ስለዚህ የኛ ሽርሽር በሥራ ቀን፣ በጠዋት ነው። አንድም ወበቁ ሳይበረታ፣ አንድም ጎረምሳው የመጀመሪያ እንቅልፉን መንገድ ላይ እንዲተኛ። ትንሽ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ቀኑን የሚያዘው የእሱ እንቅልፍ ነው።

ችግሩ እማዬ ንፋስ ትፈራለች፣ እኔ ደግሞ ጸሐይ እፈራለሁ። የጁላይ ሙቀት ሠላሳ አራት ዲግሪ ደርሶ የመኪናውን ኤሲ ስንከፍት “ልጁን ብርድ ልታስመቱት ነው!” ትላለች። ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ከላይ ነጠላ። እኔ አንዱን ሳወልቅ እሷ አንዱን ታለብሳለች። ስትሮለሩ ላይ ነጠላ ማልበስ ከውስጥ አየሩን እንደሚያፍነው ደጋግሜ ነገርኳት። በመጨረሻ ተስማማን። ካልሲው ይደረጋል፣ ነጠላው እሷ ትከሻ ላይ ይሆናል። የጸሐይ ክሬሙ ግን ራሱን የቻለ ክርክር ነበር። ሐኪሙ ከስድስት ወር በኋላ ይቻላል ብሎናል። እማዬ ጣቷ ላይ ነካ አድርጋ አሸተተችውና “ቅባት ከሆነማ ቅቤ ምን አለው?” አለች።

መጀመሪያ የሄድነው ዋሽንግተን ወዳለው የእንስሳት ማቆያ፣ ናሽናል ዙ ነው። መግባት ነፃ ነው፤ ግን የመግቢያ ፓስ አስቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል፤ ለሕፃንም ጭምር። ጎረምሳውም የራሱ ፓስ ተያዘለት። መኪና ማቆሚያው 30 ዶላር ስለሆነ በሜትሮ ባቡር ሄድን። ለምትሄዱ አንድ ምክር ልስጣችሁ፤ ስትሄዱ ክሊቭላንድ ፓርክ ጣቢያ ውረዱ፣ ስትመለሱ ወደ ዉድሊ ፓርክ ሂዱ። ያኔ ስትሮለር እየገፋችሁ ዳገቱን አትወጡም፤ ቁልቁል ትወርዱታላችሁ። ግቢው ውስጥ ያለውን ዳገት ግን ማንም አያስቀርላችሁም። በ2024 ከቻይና የመጡት ፓንዳዎች ጋ ሰው ተኮልኩሏል። አንዱ ፓንዳ ጀርባውን ሰጥቶን ቀርከሃ ያኝካል። እማዬ “ይኼ ሁሉ ሰው ሲበላ ሊያየው ነው?” አለች። እሷን ያሳሰባት ሌላ ነበር። የማናውቃቸው ሴቶች ስትሮለሩ ላይ እያጎነበሱ “ሲያምር!” ይላሉ፤ እሷ ከኋላ ሆና “እንትፍ እንትፍ በይ” ትለኛለች። ቀኑን ሙሉ እንትፍ ስንል ዋልን።

ኬንልወርዝን ብዙ ሐበሻ አያውቀውም። ዋሽንግተን ውስጥ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለ የኩሬዎች መናፈሻ ነው። በ1880ዎቹ አንድ ክንዱን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያጣ ሾው የሚባል ሰው ከትውልድ አገሩ ከሜይን የውኃ አበባ አምጥቶ ተከለበት። አበባው ተራባና ንግድ ሆነ። ከእሱ በኋላ ሴት ልጁ አስፋፋችው፤ በ1938 መንግሥት ገዛው። በጁላይ ሎተስ የሚባለው አበባ ይፈነዳል። ሮዝ ነው፤ ቁመቱ ከሰው ይስተካከላል። በጠዋት ነው የሚታየው፤ ቀኑ ሲገፋ ይከደናል። መንገዱ ደልዳላ ስለሆነ ስትሮለር አያስቸግርም፤ ጥላ ግን የለም። እኔ አበባው ቆንጆ ነው ስለተባልኩ ብቻ ነው የወሰድኳቸው።

እማዬ የመጀመሪያው ኩሬ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ውኃው አይታይም፤ ዳር እስከ ዳር ቅጠል ነው።

“እምቦጭ እዚህም ገባ?”

ጣና ዳር ላልኖረ ሰው ይኼ ቀልድ ሊመስል ይችላል። እማዬ ግን አልቀለደችም። እምቦጭ ሐይቁን ሲወርር በዓይኗ አይታለች። የሰፈሯ ሰዎች በገበሬው መሐል ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው እየነቀሉ ወደ ዳር ሲያወጡ፣ ሳምንት ሳይቆይ ተመልሶ ሲሞላ አይታለች። ባለቤቴ “እማማ፣ ይኼ ሆን ተብሎ የተተከለ ነው፤ ሰው አበባውን ሊያይ ነው የሚመጣው” አላት። “እንዲህ ሲሸፍነው ዓሣው በምን ይተነፍሳል?” አለችው። መልስ አልነበረውም። አንዲት የመናፈሻው ሠራተኛ ረጅም ጎማ ቦት አድርጋ ኩሬ ውስጥ ገብታ የደረቀ ቅጠል ትለቅማለች። እማዬ እሷን ስታይ ደስ አላት። “እሰይ፣ በርቺ!” አለቻት በአማርኛ። ልጅቷም እጇን አውለበለበችላት።

ከዚያ በኋላ ነው አበባውን ማየት የጀመረችው። ከዳር ያለ አንድ ቅጠል ዝቅ አድርጋ ከያዘችው ጠርሙስ ውኃ አፈሰሰችበት። ውኃው ቅጠሉን አያረጥበውም። ተሰብስቦ ድብልብል ይሆንና ወዲያ ወዲህ ይንከባለላል። ጎረምሳው ከስትሮለሩ ተንጠራርቶ እጁን ሰደደ። በጣቱ ሲነካው ለሁለት ተከፈለ። ደነገጠ፤ እጁን ሰበሰበ፤ እንደገና ነካው። ሁለቱም ተመልሰው አንድ ሆኑ። እማዬ “ታየዋለህ ወይ፣ የኔ ጌታ፣ ታየዋለህ?” እያለች ጠርሙሱን ጨረሰችው። የመጠጥ ውኃችን ያ ነበር።

ግሬት ፎልስ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ልጁ ተኝቶ ነው ያለፈው። የፖቶማክ ወንዝ አለት ለአለት እየተጋጨ የሚወርድበት ቦታ ነው። ከሜሪላንድ በኩል በእግረኛ ድልድይ ተሻግራችሁ ፊት ለፊት ታዩታላችሁ፤ ስትሮለር ይገባል። እማዬ “ጢስ ዓባይ አይደርስም” አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ “የድሮው ጢስ ዓባይ” ብላ አስተካከለች፤ ውኃው ለመብራት ከተጠለፈ ወዲህ እንደ ድሮው ሁልጊዜ ሞልቶ አይታይም። የገረማት ፏፏቴው አጠገብ ያለው ቦይ ነው። ከጆርጅታውን ተነሥቶ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጀልባ የሚጎትቱበት በቅሎዎች ነበሩ። ቁፋሮው የተጀመረው በ1828 ጁላይ 4 ነው፤ የባልቲሞሩ የባቡር ሐዲድ ሥራም የተጀመረው በዚያው ቀን። ቦዩ መጨረሻው ወደሆነችው ወደ “ከምበርላንድ” ከተማ በ1850 ሲደርስ ባቡሩ ስምንት ዓመት ቀድሞታል። ባለቤቴ ይኼን በደስታ ሲተርክላት እማዬ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “በቅሎ ጀልባ ጎተተች በሉኛ!”

ሳንዲ ፖይንት የሄድነው ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ነው። ይኼን ልብ በሉ፤ ከኦገስት 7 ጀምሮ ጾሙ እስኪፈታ ከእማዬ ጋር ለሽርሽር ሥጋ መጥበስ አይታሰብም። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለ አሸዋማ ፓርክ ነው፤ ትልቁ ድልድይ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ይታያል። በሰመር ቅዳሜና እሁድ በጣም ይጨናነቃል፤ እኛ ግን በሥራ ቀን ስለሄድን ዘና ብለን ገባን። ጠብሰን በላን። ጎረምሳው አሸዋ በላ። በእፍኙ፣ በጣም ደስ ብሎት። እኔ አፉን ስጠርግ እማዬ “ተይው፣ አፈር ያልቀመሰ ልጅ አይጠነክርም” ትላለች፤ ንፋስ የሚፈራ ሰው አሸዋ አለመፍራቱ! ውኃውን በጣቷ ቀምሳ “ጨው አለው” አለች ቅር ብሏት። እሷ ለምታውቀው ሐይቅ ይኼ እንከን ነው። በሙቀቱ ወራት የሚያቃጥል ጄሊፊሽ ስለሚመጣ ልጁን እግሩን ብቻ ነው የነከርነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕበል እግሩን ሲነካው እስትንፋሱን ዋጥ አደረገ። ከዚያ ጮኸ፤ በደስታ ይሁን በንዴት አልለየንም። ባለቤቴ “በደስታ ነው” ብሎ ቪዲዮውን ለሁሉ ላከ።

ግለን ኤኮን ለመጨረሻ የተውነው አውቀን አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ዝናብ እየመጣ አበላሽቶብን ነው። የድሮ መዝናኛ ፓርክ ነው። ከጨዋታዎቹ የቀረው የሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ፣ ካሩሰሉ ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ ዴንትዘል የሚባል ድርጅት የሠራው፣ ከ1921 ጀምሮ እዚያው የቆመ። ፈረስ ብቻ አይደለም፤ ጥንቸል፣ ሰጎን፣ አንበሳ፣ ቀጭኔም አለበት። ባለቤቴ ግን ሊያሳየን የፈለገው ሌላ ነገር ነበር። ፓርኩ ጥቁር አያስገባም ነበር። በ1960 ጁን 30 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገብተው እነዚሁ ፈረሶች ላይ ተቀመጡ፤ አምስቱ ታሰሩ። ሰመሩን ሙሉ በር ላይ ተቃውሞ ነበር። በ1961 ለሁሉም ተከፈተ። ጉዳያቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1964 ፍርዱ ተሻረላቸው።

እማዬ ይኼን ስትሰማ ዝም አለች። “እዚህ ላይ በመቀመጣቸው?” ብላ ፈረሱን በእጇ መታ መታ አደረገችው። “በዚህ?”

ከዚያ ፈረሶቹን መመርመር ጀመረች። መግለጽ ያለብኝ ነገር አለ። እማዬ ባሕር ዳር ትኑር እንጂ የተወለደችው እንጅባራ ነው። አባቷ አገው ፈረሰኛ ነበር። በጥር ጊዮርጊስ ፈረሶቹ ሲያሸበርቁ ያየ ሰው ይገባዋል፤ እዚያ አገር ፈረስ ሲታይ መጀመሪያ ዕቃው ነው የሚታየው። የአንዱን ልጓም አየች፣ የሌላውን ኮርቻ ዳሰሰች። “ይኼ አፉን ከፍቷል፣ ልጓሙ ጠብቆበታል። ይኼኛው ጥሩ ነው፤ አንገቱን አይተሽዋል?” የቀለሙ ወርቃማ መስመር የት የት እንደሄደ በጣቷ ተከተለችው። የሚያስተናግደው ልጅ ሁሉም እስኪቀመጥ ይጠብቃል። እኔና ጎረምሳው ሠረገላው ውስጥ ገባን። ለእሷም አጠገባችን ቦታ ያዝኩላት።

“እኔ ሠረገላ ውስጥ ምን እሠራለሁ?” አለች።

የማይዘለውን ረጋ ያለ ፈረስ መርጣ፣ በሐበሻ ቀሚሷ ወደ ጎን ተቀመጠች። ባለቤቴ “እማማ፣ ልደግፍዎት?” ቢላት “ልጅህን ያዝ” አለችው። ኦርጋኑ ሲጮህ ጎረምሳው ክው ብሎ አፉን ከፈተ፤ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። እሷ በአንድ እጇ የነሐሱን ምሰሶ፣ በሌላው ነጠላዋን ይዛ፣ ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው። ሲቆም አልወረደችም። ባለቤቴ ሌላ ትኬት ሊገዛ ሮጠ።

ማታ ባሕር ዳር ደወልን። አክስቴ “ልጁስ? ምን ምን አሳያችሁት?” አለች። እማዬ ስልኩን ከእጄ ተቀበለች። እምቦጭን በአበባ ስም ስለሚንከባከቡ ሰዎች ተናገረች። ጀልባ ስለምትጎትት በቅሎ ተናገረች። አሜሪካ አገር ፈረስ መጋለቧንም ተናገረች፤ ስለ ልጓሙ፣ ስለ ኮርቻው፣ ስለ አንገቱ ሳይቀር። ከእንጨት መሆኑን አላነሳችም። እኔም ዝም አልኩ፤ ጎረምሳውን ዳይፐር እየቀየርኩ ነበር።