ገንዘቡ አለ፤ እማዬ ጋ ግን አልደረሰም

እማዬ የላክሁላትን ገንዘብ ልትቀበል ከመንደራችን እስከ መሐል ሜዳ ከተማ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሯ ሄዳ ባንኩ መስኮት ፊት ቆመች። የሚስጥር ቁጥሩን ወንድሜ በስልክ ነግሯት፣ ጎረቤት በብጣሽ ወረቀት ጽፎላታል። ወረቀቱን በመቀነቷ ቋጥራ ነው የያዘችው። ገንዘብ ከፋይዋ ቁጥሩን አስገባች፣ መታወቂያውን አየች፣ ከዚያ መለሰችላት።

«እማማ፣ ይሄ ስም የእርስዎ አይደለም።»

ማታ ስደውልላት ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ልጄ፣ የአባቴን ስም ምን ብለህ ነው የጻፍከው?» አለችኝ።

አያቴን መንዝ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በቤት ስሙ ነው። እኔም የጻፍኩት እሱን ነው። እማዬ መታወቂያ ላይ ያለው ግን «ወልደ» ብሎ የሚጀምረው የክርስትና ስሙ ነው። ሠላሳ ዓመት የእሷ ልጅ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። ገንዘቡ አለ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ እናቴም መስኮቱ ፊት ናት። ግን አልደረሳትም። ያን ቀን ባዶ እጇን፣ ጋቢዋን ደርባ በዚያው ብርድ ተመለሰች። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጀርመን የሄድኩት በ2015 መስከረም መጨረሻ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። ካሰል በምትባል ከተማ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ከመሄዴ በፊት ደብረ ብርሃን እያስተማርኩ ነበር፤ ትምህርት ላይ ሳለሁም ደመወዜ እዚያው አካውንቴ ይገባል። እዚያ ደግሞ የስኮላርሺፕ አበል አለኝ። ስለዚህ የገንዘብ ችግር አይኖርብኝም ብዬ ነው የወጣሁት። ችግሩ የገንዘብ ማነስ አልነበረም። እኔ ባለሁበት አለመኖሩ፣ ወይም ሊነካው የሚገባው ሰው አለመንካቱ ነው።

ከመነሻው ልጀምር።

ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዤ ባንክ ሄጄ፣ ወረፋ ጠብቄ 700 ዩሮ ገዛሁ። እማዬ በሸሚዜ ውስጥ ኪስ ሰፋችልኝ። ሁለት ኪሎ በሶ ጨመረችልኝ። አበሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገባል ብዬ ስላሰብኩ ይበቃኛል አልኩ።

አበሉ የሚገባው በባንክ ብቻ ነው። እኔ የሄድኩበት ባንክ አካውንት ለመክፈት በከተማው አስተዳደር የተመዘገበ አድራሻ ጠየቀኝ። አድራሻ ለማስመዝገብ ደግሞ አከራይህ «እኔ ቤት ገብቷል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። አከራዩ ይህን የሚፈርመው ቁልፍ ሲሰጥህ ነው። ቁልፍ የሚሰጥህ ማስያዣ ስትከፍል ነው። ማስያዣው የሚከፈለው ደግሞ በባንክ ዝውውር ነው፤ ጥሬ ብር አይቀበሉም። ክቡ እዚህ ላይ ይገጥማል።

ክቡን የሰበረልኝ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ የመጣ የደብረ ሲና ልጅ ነው። 500 ዩሮ ማስያዣውን ከራሱ አካውንት ከፈለልኝ፤ እኔም 500ውን ቆጥሬ ጥሬውን ሰጠሁት። ኪሴ ውስጥ 200 ዩሮ ቀረ። በዚያ ላይ የመጀመሪያ ወር ኪራይ ገና ነው። በሶዋ ያን ጊዜ ሥራዋን ሠራች።

ምዝገባውን ቤት በገባሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማድረግ ግዴታ ስለሆነ ቶሎ ሄጄ ጨረስኩ። አካውንቱም ተከፈተ። ካርዱና ፒን ቁጥሩ በፖስታ፣ በተለያየ ቀን ይላካሉ ተባልኩ። ጠበቅኩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ምንም የለም። ባንኩ ጋ ስሄድ «ተልኮ ተመልሷል» አሉኝ።

ምክንያቱ የፖስታ ሳጥኔ ነው። እዚያ አገር ፖስተኛው የሚያየው የክፍል ቁጥር ሳይሆን ሳጥኑ ላይ የተለጠፈ ስም ነው። የእኔ ሳጥን ላይ ገና የቀድሞው ተማሪ ስም ነበር። ማታውኑ ስሜን በወረቀት ጽፌ በፕላስተር ለጠፍኩ። የአባቴን ስም በትልቁ፣ የእኔን ከሥሩ፤ ምክንያቱም እዚያ የቤተሰብ ስም የሚሉት የአባቴን ስም ነው፣ ደብዳቤው ሁሉ የሚመጣው በእሱ ነው። በሳምንቱ ካርዱ መጣ። በሦስተኛው ቀን ፒኑ። አበሉን የነካሁት አገሩን በረገጥኩ በስድስተኛው ሳምንት ነው።

ስለዚህ አሁን የሚሄድ ሰው ሲጠይቀኝ የማነሳው ጉዳይ የመጀመሪያውን ሁለት ወር ነው። ስኮላርሺፕህ የፈለገውን ያህል ይሁን፣ ሁለት ወር ያለ እሱ የምትኖርበት ገንዘብ ይኑርህ። በራስህ ወጪ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ቪዛው የዝግ አካውንት ሊጠይቅህ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ነው የሚያስፈልገው። የሚለቀቅልህ በወር 992 ዩሮ ብቻ ነው፤ የራስህ ቢሆንም ባንድ ጊዜ አታወጣውም። እሱም ቢሆን መለቀቅ የሚጀምረው እዚያ ሄደህ የራስህን አካውንት ከከፈትክ በኋላ ነው። ያው ክብ ነው።

አሁን ወደ አገር ቤቱ አካውንቴ ልመለስ። ብዙ የተማርኩት እዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ሲም ካርዴን ይዤ ሄጃለሁ። ሲሙ ውጭ አገር እንዲሠራ የሚያደርገውን ሮሚንግ ግን አላስከፈትኩም፤ ምን ያደርግልኛል ብዬ። ለአራት ወር የባንኩ አፕ ሳይቸግረኝ ሠራ። ከዚያ ስልኬ ወድቆ ተሰበረና አዲስ ገዛሁ። አፑን ጭኜ ስገባ «ወደ ስልክዎ የላክነውን ቁጥር ያስገቡ» አለኝ። ቁጥሩ የተላከው ወደ ኢትዮጵያው ቁጥሬ ነው። ሲሙ እጄ ላይ ነው፣ መልእክቱ ግን አይደርሰውም። ደመወዜ በየወሩ እዚያ ይገባል፤ እኔ ላየው እንኳ አልችልም።

በዚያ ላይ የእማዬ እድር አለ፣ ሰንበቴው አለ፣ ወንድሜ የሚከፍለው የቤት ኪራይ አለ። ሁሉም ከዚያ አካውንት ነበር የሚወጣው። ወንድሜ ለሁለት ወር ከራሱ ኪስ ሸፈነ። እሱ ደግሞ ጀማሪ አስተማሪ ነው። አንድ ቀን እንኳ «ተቸገርኩ» አላለኝም፤ ያበሳጨኝም እሱ ነው።

ግን ውክልና ሰጥቼው ነበር እኮ። ሳልሄድ ደብረ ብርሃን ሄደን፣ ፈርሜ፣ «ጠቅላላ ውክልና» የሚል ወረቀት ይዞ ቀርቷል። ባንኩ ግን አልቀበልም አለው። ወረቀቱ ላይ «ከባንክ ሒሳቤ ገንዘብ እንዲያወጣ» የሚል ቃል የለም። ተናድጄ ነበር። በኋላ ሕጉን ሳነብ ንዴቴ በረደ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልናን የአስተዳደር ሥራ ለመሥራት ብቻ ነው የሚፈቅደው። ከዚያ ለሚያልፈው፣ ለምሳሌ ቤት ለመሸጥ፣ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ባንክ ደግሞ በሰው ገንዘብ ላይ ጥርጣሬ አይወድም። ቃሉ ተጽፎ ማየት ይፈልጋል። የባንኩ ስም፣ የሒሳብ ቁጥሩ፣ «ገንዘብ ማውጣት፣ ማስገባት፣ ማዛወር» የሚለው ሁሉ በግልጽ።

አዲሱን ውክልና በርሊን ኤምባሲያችን ሄጄ ነው የሠራሁት። ከካሰል በርሊን ደርሶ መልስ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ወረቀቱ አገር ቤት ሲደርስም ወዲያው አይሠራም። አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማኅተም ያረጋግጣል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ወንድሜ ከክፍል አስፈቅዶ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። አገር ቤት ሳለሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ባስጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ሲሙን ደግሞ ለሚመለስ ሰው ሰጥቼ ለወንድሜ ላክሁለት። ትንሿ ባትሪ የማትጨርሰው ስልክ ውስጥ ከተተው። ኮድ ሲመጣ ደውሎ ያነብልኛል። ይህን ሁሉም ሰው ያድርገው አልልም። ሲምህን የያዘ ሰው ገንዘብህን ይዟል ማለት ነው። እኔ ወንድሜን እንደ ራሴ ስለማምነው ነው። የሚሻለው ከመሄድ በፊት ሮሚንግ ማስከፈት፣ ካርድ መሙላት፣ ቁጥሩም ሳይነካ ብዙ ጊዜ ቆይቶ እንዳይዘጋ አልፎ አልፎ መጠቀም ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን በ2015 ክረምት የመጣው ነው። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለወራትም አልተመለሰም። ከጣርማ በር በሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። እማዬ ያን ሰሞን አንድ ዓይኗ በሞራ ተጋርዶ ነበር። ደብረ ብርሃን ወርዳ ለመታየት መንገድ እየጠበቀች ነው። እስከዚያው ለቤት የሚሆን እህል አልቋል። ገንዘቡ ወንድሜ እጅ አለ፣ ደብረ ብርሃን። እሷ መሐል ሜዳ። ባንክ የሚከፈተው ሲያመች ነው።

መፍትሔው የመጣው ከባንክ አይደለም። እማዬ ስኳርና ዘይት የምትገዛበት ባለሱቅ አለ። ዕቃ የሚያመጣው ደብረ ብርሃን ካለ ጅምላ ነጋዴ ነው። ወንድሜ ለጅምላ ነጋዴው ከፈለ፤ ባለሱቁ ለእማዬ የዚያኑ ያህል ብር ቆጥሮ ሰጣት። አንድም ሳንቲም አልቆረጠም። «የእናንተ እናት የእኔም እናት ናቸው» ነው ያለው። መንገዱ ሲከፈት ጅምላ ነጋዴው በዚያው ሒሳብ ዕቃውን ጫነለት።

ሌላው የጠቀመን ነገር ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በ*127# መሥራቱ ነው። የስልክ ኔትወርክ ካለ ይበቃል። ወንድሜ ለባለሱቁ በዚያ የሚልክበት ጊዜ ነበር። እማዬ ራሷ ቁጥር መምታት አትችልም። የጎረቤታችን ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል ነች፣ አስተማረቻት። አሁን ሂሳቧን ራሷ ታያለች። የሞራው ቀዶ ሕክምናም በጥቅምት ተሠራላት።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልንካቸው። ጀርመን ሁሉ ነገር በካርድ ነው ብለህ አትሂድ፤ ዳቦ ቤቱ፣ የሰፈር ምግብ ቤቱ ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚልበት አለ። ከራስህ ባንክ ውጭ ባለ ኤቲኤም ስታወጣ ያስከፍልሃል። ዩሮ ወደማይሠራበት አገር ከተሻገርክ ኤቲኤሙ «በዩሮ ላስላልህ?» ይልሃል። እምቢ በል፤ በአገሩ ገንዘብ አውጣ፤ ማሽኑ የሚያሰላበት ዋጋ ይጎዳሃል። እኔ ፕራግ ላይ አንድ ጊዜ እሺ ብዬ ልዩነቱን ማታ አስልቼ እንቅልፍ አጣሁ። ለሬዲዮና ቴሌቪዥን ተብሎ በቤት በወር 18.36 ዩሮ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል። ቴሌቪዥን የለኝም ብለህ ብትተወው ይጠራቀማል። እኔ ደብዳቤው ማስታወቂያ መስሎኝ መሳቢያ ውስጥ ጥዬው፣ የሦስት ወሩን ባንዴ ከፍያለሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋውን ለገበያ ለቀቀው። እኔ ለመመለስ ሁለት ወር ይቀረኝ ነበር። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ አካውንቴ ውስጥ የተጠራቀመው ደመወዜ በዶላር ሲታይ ግማሽ ሆነ። ካሰል ያስቀመጥኳት ትንሽ ዩሮ ደግሞ በብር እጥፍ ሆነች። ይህን አስቀድሜ አውቄ አልነበረም። ዩሮዋን ያልቀየርኳት ለመመለሻ ትኬትና ለድንገተኛ ብዬ ነው። የእማዬን በብር፣ የእኔን በዩሮ ማስቀመጤ፣ ማለት ገንዘቡ በሚወጣበት አገር መቆየቱ፣ ነው ያዳነኝ።

ስመለስ የጀርመኑን አካውንት አልዘጋሁም። ያ የደብረ ሲና ልጅ ነው ያስጠነቀቀኝ። የቤት ማስያዣው የሚመለሰው ክፍሉ ከታየ፣ የመብራትና የውኃው ሒሳብ ከተሠራ በኋላ ነው፤ የሚገባውም እዚያው አካውንት ነው። 500ው ዩሮ በኅዳር ገባ። ለእማዬ ቤት ቆርቆሮ መግዣ ይሁን ብዬ ወደ ኢትዮጵያ ላክሁት። በዚህ ጊዜ በእማዬ ስም የአካውንት ደብተር አውጥተናል፤ የአባቷም ስም መታወቂያዋ ላይ እንዳለው፣ በ«ወልደ» ነው የተጻፈው። ወንድሜ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ እኔም ፊደል በፊደል አስተያይቼ ነው የላክሁት። በማግስቱ ጠዋት ደወለች። መስኮቱ ፊት ሆና ነው።

«ደርሷል» አለችኝ። «ቆርቆሮው በዚህ ሳምንት ይመጣል።»