የላንድክሩዘር 75 የፊት አክስል፦ ዘይት የሚያንጠባጥብ ናክልን ከሥሩ መጠገን

በዚህ ዙር ያለቀው የላንድክሩዘር 75 የፊት አክስል ነው። መኪናው ባለ 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተር ሲሆን ከፊትም ከኋላም በባልስትራ የቆመና በእጅ የሚቆለፍ ፍሪ ዊል ሃብ ያለው ነው። ግራና ቀኝ ናክሉ፣ ማለትም ጎማውን ይዞ ከመሪው ጋር የሚዞረው ክፍል፣ ተፈትቶ ታጥቧል፣ ኩሽኔታውና ኦይል ሲሉ ተቀይሮ ተገጥሟል። ሃርድ ቶፕም ይሁን ፒክአፕ አሠራሩ አንድ ነው። 60 እና 80 ሞዴል ያላችሁም፣ አሜሪካ ያላችሁት ጭምር፣ አብዛኛውን እንዳለ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የ40 ሞዴል ባለቤቶች ቅደም ተከተሉን ውሰዱ፤ የዳዶ ማጥበቂያውንና ጥብቀት የሚለካበትን የሚዛን ቁጥር ግን ከሞዴሉ የጥገና መመሪያ አውጡ።

ናክል ዘይት ሲያፈስ በየጋራዡ የተለመደው መፍትሔ ከኋላ ያለውን መጥረጊያ ጎማና ፌልት ለውጦ መዝጋት ነው። ይህ ብዙ አይቆይም፤ መጥረጊያው የተሠራው ግራሶን ለመያዝና አቧራን ለማገድ እንጂ የዲፈረንሻል ዘይትን ለማቆም አይደለም። ነገሩ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ናክሉ የሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ሲላሉ ናክሉ ከመሐሉ ይስታል፤ ያኔ የአክስሉ ዘንግ የውስጡን ኦይል ሲል ከንፈር በአንድ ጎን እየተጫነ ይበላዋል። የዲፈረንሻል ዘይት ወደ ናክሉ ይገባና ግራሶውን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነው ደግሞ በመጥረጊያው በኩል ወጥቶ ጎማውን ያበላሻል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ልብ የኩሽኔታው ጥብቀት ነው፤ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይመጣል።

ከመፍታት በፊት

ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። የሚላላ ከሆነ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና ድገሙት። ፍሬን ሲያዝ መላላቱ ከጠፋ ችግሩ የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ የናክል ኩሽኔታ ነው። ይህን ሳይለዩ መፍታት ያልተበላሸ ዕቃ ያስገዛል።

ከዚያ ከኋላ በኩል ያለውን ክብ ቤት፣ ማለትም ናክሉ የሚዞርበትን ኳስ መሰል የአክስል ጫፍ፣ በጣት ጥረጉና የወጣውን ተመልከቱ። ስስ የግራሶ ሽፋን ጤነኛ ነው፤ መጥረጊያው ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። እንደ ቀጭን ሽሮ የሚፈስ፣ የማርሽ ዘይት የሰልፈር ሽታ ያለው ከሆነ የውስጡ ኦይል ሲል አልቋል። የነጣ ወይም ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል። ፎር ባይ ፎር አስገብታችሁ መሪውን እስከ ጫፍ አዙራችሁ ስትነዱ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ ቢርፊልዱ፣ ማለትም መሪው ሲዞር ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያሳልፈው ባለ ስድስት ኳስ መጋጠሚያ፣ ተበልቷል።

ለሁለቱም ወገን የሚያስፈልገው፦ 4 የናክል ኩሽኔታ፣ 4 የጎማ ኩሽኔታ፣ 2 የውስጥ ኦይል ሲል፣ 2 የሃብ ኦይል ሲል፣ 2 ሙሉ የመጥረጊያ ስብስብ፣ የስፒንድል (ሃቡ የሚዞርበት ባዶ ዘንግ) እና የሃብ ጓርኒሲዮን፣ 2 የሃብ መቆለፊያ ሮንዴላ፣ ለቴስቲናዎቹ (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ መጋጠሚያዎች) አዲስ ኮፒሊያ። ሶማሌ ተራ ስትገዙ በካርቶኑ አትወስኑ። ኩሽኔታውን አውጥታችሁ የአምራቹ ስምና ቁጥር በቀለበቱ ላይ በጥራት መቀረጹን እዩ፣ በጣት አዙራችሁ የሚሻክር ነገር እንደሌለው አረጋግጡ፣ ከአሮጌው ጎን አስቀምጣችሁ ስፋቱንና ውፍረቱን ለኩ። ከዱባይ የሚያስመጣ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ የሻሲ ቁጥሩን ላኩለት፤ በሞዴል ስም ብቻ የሚገዛ ኦይል ሲል ብዙ ጊዜ መጠኑ አይገጥምም።

መፍታት

ዲፈረንሻሉን አስቀድሞ ማፍሰስ ይሻላል፤ ዘንጉ ሲወጣ ዘይቱ ተከትሎ ይመጣል። የፍሬን ካሊፐሩ በሽቦ ከባልስትራው ጋር ይታሰራል እንጂ በጎማ ቱቦው አይንጠለጠልም። የፍሪ ዊል ሃቡን ዳዶዎች ስትፈቱ ከሥራቸው ሾጣጣ ሮንዴላዎች አሉ፤ በካቻቢቴ አትፈልቅቋቸው። ዳዶውን እስከ ጫፍ መልሱና የሃቡን ጎን በነሐስ መዶሻ ምቱት፣ ዘለው ይወጣሉ። በመሪው ክንድ ላይ ያሉትም እንዲሁ ናቸው።

የሃቡ ዳዶ 54 ሚሊሜትር ነው። በመሮ እየመቱ መፍታት በጣም የተለመደ ነው፤ ግን ከዳዶው የሚነሳው የብረት ፍርፋሪ ኩሽኔታው ውስጥ ይወድቃል፣ ዳዶውም በኋላ በልኩ ሊጠብቅ አይችልም። ባለ ስምንት ማዕዘን 54 ሶኬት ካላገኛችሁ ቶርኖ ቤት ከወፍራም ቱቦ ያሠራል።

ስፒንድሉ ሲወጣ ዘንጉን ከነቢርፊልዱ ጎትቱ፤ ቢርፊልዱ ጠፍጣፋ ጎን ስላለው ያንን ወደ ላይ ካላዞራችሁት ክብ ቤቱ ላይ ይያዛል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የመሪ ክንዱና ተቃራኒው ክዳን ነው፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር ሺሞች አሉ። እነዚህን ስስ ብረቶች ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ የመጡትን ለይታችሁ በየፌስታሉ አስቀምጡና ጻፉበት። ናክሉ በመሐል የሚቆመው በእነሱ ነው። ከተደባለቁ መሐሉን ለማግኘት የፋብሪካው ልዩ መለኪያ ወይም በቶርኖ የተሠራ ተመሳሳዩ ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ ላይ ጊዜ የሚበላ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ማጠብና መመርመር

በናፍጣ ይታጠባል፣ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ቤንዚን አያስፈልግም፣ ለእሳትም አደጋ ነው። ክብ ቤቱ ላይ ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ጭረት ይተዋል፣ ጭረቱ አዲሱን መጥረጊያ ይቆርጠዋል። 400 ቁጥር ቀጥሎም 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከናፍጣ ጋር ይበቃል።

በአክስሉ ዘንግ ላይ የኦይል ሲሉ ከንፈር የሚያርፍበትን ቦታ ጥፍራችሁን አስኬዱበት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲስ ኦይል ሲል እዚያው ላይ ቢገባም ያፈሳል። ሲሉን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ወጣ ወይም ገባ አድርጎ ማስቀመጥ ከንፈሩን ወዳልተበላው ብረት ያዛውረዋል። ቦይው ሰፊ ከሆነ ስስ ቀለበት ማልበስ ወይም ዘንጉን መቀየር ነው።

የናክል ኩሽኔታ አበላሉ የተለየ ነው። ሙሉ ዙር አይዞርም፣ በትንሽ ማዕዘን ብቻ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ሮለሮቹ መሪው ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ ቀለበቱን እየደበደቡ መስመር ያወጡበታል። እነዚያ መስመሮች ከታዩ መሪው መሐል ላይ «ይያዛል»፣ ሲፈጥንም የመሪ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ብዙዎች ለዚህ የመሪ ዳምፐር ይቀይራሉ፤ ዳምፐሩ መንቀጥቀጡን ይሸፍነዋል፣ አያድነውም።

ቢርፊልዱን ስትፈቱ የውስጡን ቀለበት አጋድማችሁ ኳሶቹን አንድ በአንድ አውጡ። በቦዮቹ ላይ ጉድጓድ፣ በደወሉ ጠርዝ ላይ ስንጥቅ፣ ወይም በሙቀት የመጣ ሰማያዊ ቀለም ካለ ይጣላል። መጠነኛ መበላት ብቻ ከሆነ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ማዛወር ይጠቅማል። መኪና አብዛኛውን ወደ ፊት ስለሚሄድ የተበላው የቦዩ አንድ ገጽ ነው፣ ሲዛወር ያልተበላው ገጽ ሥራ ላይ ይውላል። በስፒንድሉ ውስጥ ያለውን የነሐስ ቦኮላም አትርሱት፤ እሱ ካለቀ ቢርፊልዱ እየተወዛወዘ አዲሱን ሥራ ያበላሻል።

የናክሉ ጥብቀት

አዲሶቹ የኩሽኔታ ቀለበቶች በነሐስ ዘንግ ዙሪያቸውን ተራ በተራ እየተመቱ እስኪቀመጡ ይገባሉ። ፍሪጅ ውስጥ ቢያድሩ በቀላሉ ይገባሉ። ኩሽኔታዎቹ ግራሶ ተሞልተው፣ ሺሞቹ በየነበሩበት ተመልሰው፣ ናክሉ ያለ መጥረጊያውና ያለ ዘንጉ ብቻውን ይገጠማል። ዳዶዎቹ በ96 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ።

አሁን የስፕሪንግ ሚዛን፣ የሻንጣ መመዘኛም ይሆናል፣ በቴስቲናው ቀዳዳ ላይ አንጠልጥላችሁ ከክንዱ ጋር በ90 ዲግሪ ማዕዘን ጎትቱ። ናክሉ መንቀሳቀስ የሚጀምርበት ክብደት ከ3 እስከ 6 ኪሎ ግራም መሆን አለበት። ካነሰ ሺም ይቀነሳል፣ ከበዛ ይጨመራል። የ0.1 ሚሊሜትር ለውጥ በሚዛኑ ላይ በግልጽ ይታያል። ለአዲስ ኩሽኔታ ወደ ላይኛው ቁጥር መጠጋት ይሻላል፤ ሲለማመድ ትንሽ ይላላል። ለውጡ ከአንድ ሺም በላይ ከሆነ ከላይም ከታችም እኩል አድርጉት፣ አለዚያ ናክሉ ከመሐል ይወጣል። መጥረጊያው ከተገጠመ በኋላ የሚደረግ ልኬት ዋጋ የለውም፣ የመጥረጊያው ጎማ መያዝ ቁጥሩን ያሳስተዋል።

ኦይል ሲልና ግራሶ

የውስጡ ኦይል ሲል ስፕሪንጉ ወደ ዲፈረንሻል ዞሮ፣ ከንፈሩ ግራሶ ተቀብቶ፣ ልኩን በሆነ ቱቦ ቀጥ ብሎ ይገባል። አዲስ ሲል የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ነው፦ ዘንጉ ሲገባ ክብደቱ ከንፈሩ ላይ ካረፈ የጥርሱ ጫፍ ይቆርጠዋል። አንድ እጅ ዘንጉን ከሥር ይደግፍ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይግፋ፤ ጥርሱ ከዲፈረንሻሉ እስኪገጥም ድረስ ዘንጉ ሲሉ ላይ መተኛት የለበትም።

ቢርፊልዱና ናክሉ ሞሊብዲነም ያለው ግራሶ ይፈልጋሉ። ናክሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይሞላል፤ እስከ አፍ ገደፉ ከተሞላ ሲሞቅ ይሰፋና አዲሱን መጥረጊያ ገፍቶ ይወጣል። ለጎማ ኩሽኔታ ቁጥር 2 የሊቲየም ግራሶ ጥሩ ነው። አሮጌውን ሳያጥቡ አዲስ መጨመር አይገባም፤ በሸክላ መሠረት የተሠራ ግራሶ ከሊቲየም ጋር ሲቀላቀል ይቀጥናል። የስፒንድል ቡሎኖች 47 ኒውተን ሜትር ናቸው።

የጎማ ኩሽኔታውን በ59 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፣ ሃቡን ወዲያና ወዲህ አዙሩ፣ እንደገና አጥብቁ። ከዚያ በእጅ እስኪዞር አላሉት፣ በቀስታ መልሳችሁ አጥብቁና ሚዛኑን በጎማው ቡሎን ላይ አንጠልጥሉ፤ ከ2.8 እስከ 5.6 ኪሎ ግራም ይፈለጋል። መቆለፊያ ሮንዴላው ገብቶ የውጭው ዳዶ በ64 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ የውስጡን ይገፋዋል፣ ስለዚህ ሚዛኑ ሁለተኛ ይለካል። የሮንዴላው አንድ ጥርስ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ ይታጠፋል።

ትንሿ ማሻሻያ

አክስሉ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ከአክስሉ ብዙም ከፍ አይልም። አዋሽን ወይም በክረምት የሞላ ጅረት ስትሻገሩ የሞቀው አክስል በድንገት ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃ በኦይል ሲሎቹ በኩል ይስባል። ናፍጣ የሚችል የጎማ ቱቦ ከመተንፈሻው ጋር አገናኝቶ፣ መሪው ሲዞርና ባልስትራው ሲወርድ እንዳይወጠር አላልቶ፣ ወደ ሞተሩ ክፍል ላይኛው ጥግ ማውጣት ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። የድሮው የመተንፈሻ ክዳን አቧራ ደፍኖት ከሆነ ግን ቱቦው ምንም አይሠራም፤ መጀመሪያ እሱን ክፈቱ። ውኃ ዳር ስትደርሱ ጥቂት ደቂቃ ቆማችሁ አክስሉ እንዲቀዘቅዝ ማድረግም ይረዳል። ጥልቅ ውኃ ከተሻገራችሁ በኋላ በናክሉ አናት ላይ ያለውን ባለ አራት ማዕዘን ቡሽ ከፍታችሁ የግራሶውን ቀለም እዩ፣ ከነጣ ይታጠባል።

ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ መኪና ሌላ ችግር አለበት። ሃቡ ሳይቆለፍ ለወራት ሲቆይ ቢርፊልዱ አይዞርም፣ ግራሶው ወደ ታች ይቀመጥና የላይኛው ብረት ይደርቃል። በየወሩ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ሃቡ ተቆልፎ፣ ፎር ባይ ፎር ገብቶ መነዳት አለበት። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይሁን፣ ጠጠር ወይም አፈር መንገድ ምረጡ።

የሚቀረው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚደረገው ማጣራት ነው። ከረጅም ጉዞ እንደቆመ ሁለቱ ሃቦች በእጅ ይዳሰሳሉ፤ አንዱ ከሌላው እጅግ ከሞቀ የጎማ ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል። የመሪ ክንዱ ዳዶዎች እንደገና በ96 ይፈተሻሉ፤ ሾጣጣ ሮንዴላዎቹ ከተቀመጡ በኋላ የሚላላ ዳዶ ይገኛል፣ በላላ ክንድ መንዳት ደግሞ ቡሎኑን ይቆርጣል። የዲፈረንሻሉ ዘይት መጠንም በመሙያው ቀዳዳ አፍ ይታያል። ከዚያ ዝቅ ካለና ውጭ የፈሰሰ ካልታየ ዘይቱ ወደ ናክሉ እየገባ ነውና የውስጡ ኦይል ሲል እንደገና ይከፈታል።