እንኳን አደረሳችሁ! ስለ ሁጎ ፕራት እና ስለ የኔታ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፈው በከተራ ማለዳ ነው። ባሕረ ጥምቀቱ በቀሃ ወንዝ ውኃ ሞልቷል። ጎንደር ከጃን ተከል እስከ ፒያሳ ሰው በሰው ሆናለች። እናቴ ከጓዳ "ታቦት ሊወጣ ነው፣ ምን ታቀረቅራለህ?" እያለች ነው። መንገዱ ባለመመቸቱ ዘንድሮ ያልመጣችሁ፣ ከባሕር ማዶ በስልክ የምታዩ፣ ሐዘን ቤት የተቀመጣችሁ፣ ሁላችሁንም እያሰብኩ ነው።

ብዙዎቻችሁ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ስትጠይቁኝ ነበር። "ያ ሁልጊዜ የምታወራለት የኮሚክ ሠዓሊ፣ ከሥራዎቹ የቱ ይበልጣል?" ትሉኛላችሁ። ለበዓል ይሁንና ዛሬ ልመልስ። ሠዓሊው ጣሊያናዊው ሁጎ ፕራት ነው። የሚበልጠው ሥራው ደግሞ፣ ለእኔ፣ "ኤቲዮፒኬ" የተባለው የኮሚክ መጽሐፉ ነው።

ሌላ አዋቂ ብትጠይቁ "የጨዋማው ባሕር ባላድ" ሊላችሁ ይችላል። ምክንያት አለው። ኮርቶ ማልቴዝ የሚባለው መርከበኛ፣ የፕራት ዝነኛ ገጸ ባሕርይ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚያ ላይ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፣ አልከራከርም። ልቤ ያለው ግን "ኤቲዮፒኬ" ላይ ነው። አገራችን ስላለችበት ብቻም አይደለም።

ፕራት የመጣው ከወራሪ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ሪሚኒ ተወለደ፣ ቬኒስ አደገ። በ1937፣ በልጅነቱ፣ ወታደር አባቱን ተከትሎ ኢትዮጵያ ገባ። በ1941 አባቱ በእንግሊዞች ተማረከ። በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ላይ እንደተማረከ በሕመም ሞተ። ልጁና እናቱ ድሬዳዋ ካምፕ ውስጥ ተቀመጡ። እዚያ ከጠባቂዎቹ ኮሚክ እየገዛ ያነብ ነበር ይባላል። የእኛ ከተማ ያንን ዘመን በደንብ ታውቀዋለች። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጦር ተሸንፎ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ላይ ነው፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም.። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻው ትልቅ ምሽግ ነበር። ፒያሳ ላይ ቡና የምንጠጣባቸው ብዙዎቹ ሕንፃዎች ያ ዘመን ጥሏቸው የሄዱ ናቸው።

ስለዚህ መጽሐፉን መጀመሪያ ስከፍተው በጥርጣሬ ነበር። የዚያ ጦር ልጅ እኛን እንዴት አድርጎ ስሎን ይሆን? አልኩ።

ታሪኮቹ የሚሆኑት እ.ኤ.አ. በ1918፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል ነው። ከየመን ይጀምራል። በሶማሌ ምድርና በአበሻ ጠረፍ አልፎ እስከ ጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ አካባቢ፣ ይዘልቃል። ከኮርቶ ጎን ኩሽ የሚባል የበረሃ ተዋጊ አለ። ፕራት ይህን በሚስልበት ጊዜ በብዙ የአውሮፓ ኮሚክ ውስጥ የእኛ መልክ ያለው ሰው ወይ ተሸካሚ ወይ መሳቂያ ነበር። ኩሽ ሁለቱንም አይደለም። ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ፣ ለማንም የማያጎነብስ ሰው ነው። ኮርቶን ይሞግተዋል። ሲያሻው ይገሥጸዋል። ኮርቶም ይሰማዋል። ፕራት ልጅ ሆኖ ያያቸውን ሰዎች አድጎ ሲስላቸው አፍ ሰጣቸው። ለዚህ ነው ከሁሉ የማስበልጠው።

ስለ እጁ ደግሞ ልንገራችሁ። ፕራት በወጣትነቱ የአሜሪካዊውን ሚልተን ካኒፍን ሥራ እያየ ነው የተማረው። ጥቁሩን በብሩሽ ደፋ አድርጎ ጥላ መሥራትን ከእሱ ወሰደ። እያደር ግን መስመር እየቀነሰ ሄደ። በረሃ ለመሳል ሁለት መስመር ይበቃዋል። ሰማዩን ባዶ ይተወዋል። አንድ የቀለም ጠብታ ድንጋይ ትሁን የሰው ጥላ እስክትለይ ገጹ ላይ ትቆያለህ። ማንም ምንም ሳይናገር በርከት ያሉ ሥዕሎች ያልፋሉ። እኔ እነዚያን ዝም ያሉ ገጾች ደጋግሜ ነው የማያቸው።

አሁን የኔታን ላንሣ። የጎንደር ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ፣ የስንታችን አስተማሪ። በኅዳር ዐረፉ። ያለ እሳቸው የመጀመሪያው ጥምቀታችን ነው።

መጽሐፉን ይዤላቸው ሄጄ ነበር። አቡጀዲ ወጥረው ቀለም እየበጠበጡ ነበር። እጃቸውን ታጥበው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። ጽሑፉን አያውቁትም፣ ጣሊያንኛ ነው። መስመሩን ነበር የሚያነቡት። ጥቂት እንደገለጡ ቀና አሉና "ይሄ መርከበኛ ምን በድሎ ነው?" አሉኝ። ግራ ገባኝ። ከዚያ ኮርቶን በጣታቸው አሳዩኝ። ኮርቶ ብዙ ጊዜ በጎን ነው፤ ወደ ባሕሩ ወደ ሩቁ ያያል። አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በእኛ ሥዕል ደግሞ በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ የሰማዕታቱ ገዳዮች ናቸው።

መግለጣቸውን ቀጠሉ። ኩሽ ፊት ለፊት የተሳለበት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ረጅም ጊዜ አዩት። "ይኸኛውን አክብሮታል" አሉ። ቀጥለውም "የዚህ ሰው እጅ ይጾማል" አሉ። ስለ ፕራት ብዙ ትንታኔ አንብቤያለሁ። ከዚህች ዐረፍተ ነገር የሚበልጥ አላገኘሁም።

የኔታ ከጥንቱ የጎንደር አሣሣል የፊተኛውን ነበር የሚወዱት። ደማቅ ቀለም፣ ጥርት ያለ መስመር፣ ከሰዎቹ በስተኋላ ብዙ ነገር የሌለበትን። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የመጣውን፣ ፊትን በጥላ የሚያለሰልሰውን፣ "ያምራል፣ ግን ያወራል" ይሉት ነበር። ለእኔ የፊተኛውም የኋለኛውም ልብ ይነካል። የእሳቸው ምርጫ ግን ፕራትን በአንድ ጊዜ ለምን እንደወደዱት አስረድቶኛል።

ዐርባቸው ሲወጣ ልጃቸው፣ እህታችን፣ ንድፎቻቸው ያሉበትን ማኅደር አሳየችኝ። መላእክት፣ ጊዮርጊስ፣ የፈረስ እግሮች። ከመካከል አንድ ወረቀት ወጣ። ኮርቶ ማልቴዝ! ኮፍያው አለ፣ ጉትቻው አለ። ግን የኔታ ፊቱን ወደ እኛ አዙረውታል። ሁለት ትልልቅ የጎንደር ዓይኖች፣ ልክ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ እንዳሉት ኪሩቤል። እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ከራሱ በላይ በቀይ ቀለም ጽፈውለታል፦ "መርከበኛው"። መቼ እንደሠሩት አላውቅም። ነግረውኝም አያውቁም። እዚያው ልጃቸው ፊት አለቀስኩ።

ምስጋና አለብኝ። ሚላኖ ያለኸው የአክስቴ ልጅ፣ መጽሐፉን ከልብስህ ቀንሰህ በሻንጣህ ይዘህልኝ ስለመጣህ እግዜር ይስጥልኝ። አስመራ ያደጉት ጎረቤታችን አባባ፣ ማታ ማታ ቁጭ ብለው ቃል በቃል ስለተረጎሙልኝ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የኩሽን ንግግር ሲያነቡ ድምፅዎ ከፍ ይል እንደነበር ልብ ብለውት ይሆን? የየኔታ ልጅ፣ እህቴ፣ ያንን ማኅደር ከአይጥና ከዝናብ ጠብቀሽ ስላቆየሽው ባለውለታችን ነሽ።

ምኞቴን ደግሞ ለይቼ ልናገር። ያረጀውን ግድግዳ በዘይት ቀለም "ለማደስ" ብር እያዋጣችሁ ያላችሁ የሕንፃ ኮሚቴዎች፣ ልባችሁ መልካም እንደሆነ አውቃለሁ። እባካችሁ፣ ብሩሽ ከመንካቱ በፊት የቅርስ ባለሙያ ጥሩ። አንዴ ከተሸፈነ ማን ይመልሰዋል? ስልካችሁ ላይ ኮሚክ የምትሠሩ ልጆች፣ ዘንድሮ አንድ ሥራችሁን እስከ መጨረሻው ገጽ አድርሱልኝ። ለጎንደርና ለአካባቢዋ፣ እናት የልጇን መምጫ በጭንቀት የማትጠብቅበት ዓመት ይሁን። ሎሚ ለምትወረውሩም ይቅናችሁ!

ሚካኤል ከገባ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ቤት አለሁ። "ኤቲዮፒኬ"ን ማየት የሚፈልግ ብቅ ይበል፤ ቡና አለ። መጽሐፉ ግን ከቤት አይወጣም። የየኔታ ሥዕል ቤታችሁ ወይም ደብራችሁ ያለ ደግሞ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፣ የት እንዳለም ጻፉበት። ልጃቸው እየሰበሰበች ነው።

መልካም በዓል!