ኳስ ከመነጠቃችን በፊት የት ቆመን ነበር?

ጃን ሜዳ፣ የአንድ ወጣት ቡድን የጠዋት ልምምድ ላይ ነው። ነባሮቹ የማእዘን ምት አገኙ። አንዱ ሊመታ ሄደ፤ ሰባቱ ሳጥኑ ውስጥና አፋፉ ላይ ተኮለኮሉ። ከግብ ጠባቂው ሌላ ኋላ የቀሩት ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ናቸው። ተጋጣሚው ከፊት የተወው አንድ አጥቂ ብቻ ነበር። የተጋጣሚው ግብ ጠባቂ ኳሷን አየር ላይ ያዘና ወዲያው ረጅም ወረወረ፤ አጥቂው ባዶውን ሜዳ ገፍቶ ሄዶ አገባ።

ዋና አሰልጣኙ ቀኝ ተከላካዩ ላይ ጮኸ፤ «ለምን አትሮጥም?» ልጁ አንገቱን ደፋ። ምክትሉ ግን፣ «ኮች፣ ልጁማ ሮጧል እኮ፤ ጎል ያስገባብን የቆመበት ቦታ ነው» አለ። ተጫዋቾቹን ወደነበሩበት መልሶ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል ያለውን ርቀት በእርምጃ ለካው። 30 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። አጥቂው መሀላቸው ቆሟል፤ አንዳቸውም አይደርሱበትም።

ቁጥሩ ትክክል ነበር። ተጋጣሚ ከፊት ከሚተወው አንድ ሰው አስበልጦ ማስቀረት በቂ ነው። የጎደለው አቋቋም ነው። ምክትሉ እንዲህ አስተካከለው፦ አንዱ ተከላካይ ኳሱ ገና በእኛ እጅ እያለ አጥቂውን እጁን ዘርግቶ እስኪነካው ድረስ ይጠጋዋል፤ ሌላው ከ8 እስከ 10 ሜትር ወደ ኋላ መሀሉን ይሸፍናል። ከሰባቱ አንዱ ከሳጥኑ ወጥቶ ከጎሉ 20 ሜትር ገደማ ላይ ተመልሶ የሚወጣውን ኳስ ይጠብቃል። ኳሱ ሲነጠቅ ቅርብ ያለው ሰው ለ5 ሰከንድ ጫና ያደርጋል፤ ዓላማው ኳሱን መንጠቅ ሳይሆን ወደ ፊት የሚሄደውን የመጀመሪያ ቅብብል መዝጋት ነው። ካልሆነለት ሁሉም ወደ መሀል ተሰብስቦ ይመለሳል። በጎን በኩል መሮጥ ለተጋጣሚው መንገድ መክፈት ነው።

ብሔራዊ ቡድናችንን ያስከፈለውም ይኸው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ቡርኪና ፋሶ 1 ለ 0 እየመራች ግብ ጠባቂዋ በቀይ ካርድ ወጣ፤ በ10 ሰው ቀርታ 3 ጎል ጨመረችብን። ለአቻነት ስንወጣ ኋላችን ተከፍቶ ነበር። በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት እነዚሁ ዋልያዎቹ ናቸው። ችሎታው አለ ማለት ነው።

መልሶ ማጥቃቱም የሚጀምረው ከመከላከሉ አቋቋም ነው። ከኋላ መስመር እስከ አጥቂው ያለው ርዝመት ከ30 ሜትር በላይ ከሆነ ኳሱን ብንነጥቅም የምናቀብለው ሰው አይኖርም። ተጫዋቾቻችን ቁመታም ስላልሆኑ ረጅም የአየር ኳስ ለአጥቂው መላክ ኳሱን መመለስ ነው። የተነጠቀው ኳስ ፊቱን ወደ ተጋጣሚ ጎል ላዞረ አማካይ፣ ከእሱም በምድር ከመስመር ተከላካዩ ጀርባ ወዳለው ክፍተት ይሂድ። ኳሱ ሲላክለት አጥቂው ገና በራሱ ሜዳ አጋማሽ ካለ ከጨዋታ ውጪ አይባልም፤ ይህን እያወቁ መሀል መስመሩን ተሻግረው የሚጠብቁ አጥቂዎች ያሳዝናሉ። የመሀል ተከላካዩን ፊት ለፊት ከመጋፈጥ በሰያፍ ከጀርባው መግባት ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ርቆ ይሄዳል። እዚህ የተለማመዱት ረጅም ቅብብል ዝቅ ያለ አገር ላይ ያጥራል፤ ቡድኑ ከጨዋታው በፊት እዚያው ደርሶ መጠኑን ማስተካከል አለበት።

ልምምዱ ሊያበቃ ሲል ምክትሉ የራሳቸውን ግብ ጠባቂ ጠራው። ጎሉ ሲገባ መስመሩ ላይ ነበር። ቡድኑ ማእዘን ሲመታ ከጎሉ 25 ሜትር ያህል ወጥቶ እንዲቆም፣ ከተከላካዮቹ ጀርባ የሚወርደውን ኳስም ራሱ እንዲያጸዳ ነገረው፤ ያንኑ የማእዘን ምትም እንደገና አስመታ።