ለአንድ ሰዓት ካናዳዊ የሆንኩበት ቀን

የአክስቴ ልጅ ትናንት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። አዲስ አበባ ገና ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ጃፓን በስድስት ሰዓት እንደምትቀድም እስካሁን አልገባውም። «ጃፓኖች እንግሊዝኛ አይችሉም፣ አስተማሪ ይፈልጋሉ አሉ። አንተ ካስተማርክ እኔን ምን ያቅተኛል?» አለኝ። ወሬውን የነገረው ደላላ ነው፤ «ዲግሪ ካለህ ይበቃል» ብሎታል።

ፈላጊ መኖሩስ እውነት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ እንግሊዝኛ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል መደበኛ ትምህርት ሆኗል። በየባቡር ጣቢያው አካባቢም «ኤይካይዋ» የሚሉት የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ ትምህርት ቤት አይጠፋም። እኔም ለሁለተኛ ዲግሪ ቶኪዮ በመጣሁ ጊዜ፣ ለተማሪ በሚፈቀደው በሳምንት 28 ሰዓት ሥራ ከእነዚህ በአንዱ ገባሁ።

ማስተማሩን ወድጄዋለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ተማሪዎቼ «ስትሪት»ን «ሱቶሪቶ»፣ «ሚልክ»ን «ሚሩኩ» ይሉት ነበር። አብሮኝ ያስተምር የነበረው አውስትራሊያዊ በዚህ ፀጉሩን ይነጭ ነበር። እኔ ግን ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል በመቁጠሬ ነገሩ ቶሎ ገባኝ፤ ፊደላቸው እንደ እኛው ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ይወርዳል፣ ሳድስ ግን የለውም። ከ«ን» በቀር ያለ አናባቢ የሚቆም ድምፅ አያውቁም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ «ክ»ን በትልቁ ጽፌ ሳድስ አስቆጠርኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት «ሚርክ» አሉልኝ። የ«ል»ን ነገር ተዉት። «እኔ ትናንት ዳቦ በላሁ» እንደምንለው ግሡን መጨረሻ ላይ ሲወረውሩትም አልስቅባቸውም፤ «እስትሪት» እያለ ያደገ ሰው በማን ላይ ይስቃል?

«ገባችሁ?» ስላቸው ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። «ጥያቄ?» ስል ግን ዝም። ይሉኝታን የፈጠርነው እኛ ይመስለኝ ነበር።

ውርደቴ የመጣው በሌላ በኩል ነው። የትምህርት ቤቱ ባለቤት የሆነችው ሴት በመጀመሪያው ቀን ሻይ ቀድታ፣ ፈገግ ብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ተማሪዎቹ እንዳይጨነቁ ከካናዳ ነኝ ብትል ጥሩ ነው» አለችኝ። የቤት ኪራይ ደርሶ ነበር። እሺ አልኩ።

በዚያው ሳምንት፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ አዛውንት ትምህርት ጀመሩ። የዕለቱ ርዕስ «የትውልድ ከተማዬ» ነበር። ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። «ቶሮንቶ» አልኩ፤ ቶሮንቶን በካርታ እንኳን አጥርቼ አላውቃትም። አዛውንቱ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። ከዚያ እርሳሳቸውን አስቀምጠው፣ ቃል በቃል እየለቀሙ ተረኩልኝ፦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ልጅ ሳሉ፣ አባታቸው እጃቸውን ይዘው ማራቶኑ የሚያልፍበት የኮሹ ካይዶ ጎዳና ዳር አቆሟቸው። «አይ ሲ አቤቤ» አሉኝ፤ እነሱ አበበን «አቤቤ» ነው የሚሉት። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ሳምንታት ብቻ የቆጠረው፣ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎ 2:12:11 የገባው የእኛው አበበ። ሩጫውን ጨርሶ፣ ሳይደክመው ሣሩ ላይ የሠራውን ስፖርት ሊያሳዩኝ ወንበር ላይ ሆነው እግራቸውን ሽቅብ አነሱ።

እኔስ ምን አልኩ? «አይ ሲ አይባልም፤ ያለፈ ጊዜ ስለሆነ አይ ሶው ነው።»

አዛውንቱ ሦስት ጊዜ ደገሙት። አይ ሶው አቤቤ። አይ ሶው አቤቤ። አይ ሶው አቤቤ። ጴጥሮስ ሦስቴ ካደ፤ እኔ አንዴ ክጄ ሰውን ሦስቴ አስደገምኩ።

በሳምንቱ በላዩ ላይ «ኢትዮጵያ ሞካ» የሚል የተቆላ ቡና አምጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። አንዲት ቃል አልጨመሩም። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ባለቤቷ ከጠረጴዛዋ ጀርባ አንገቷን አስግጋ «ካናዳ ቡና ይበቅላል?» አለች።

ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ በሚኖርበት በካትሱሺካ ሠፈር፣ እንጀራ ላይ ሆኜ ይህን ባወራላቸው ሳቁብኝ። እስከ ዛሬ ስሜ «ካናዳ» ነው።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ስማ ወንድሜ፣ ብዙ ቀጣሪ ወይ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ አገር ፓስፖርት፣ ወይ 12 ዓመት በእንግሊዝኛ መማርህን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቅሃል። እኔ ቆጥሬዋለሁ፦ ከ9ኛ እስከ 12ኛ አራት፣ ዩኒቨርሲቲ አራት፣ እዚህ ሁለት፤ ዐሥር። ሁለት ጎደለኝ፤ ሁለቱን ከየት ላምጣ? ስለዚህ ነው ዛሬ ኮምፒውተር ላይ የምሠራው። መምጣት ከፈለግህ የነፃ ትምህርት ዕድል ፈልግ፤ ጃፓንኛውን እዚያው ሳለህ ጀምር፣ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ይቀልሃል። ለደላላው ግን አንድ ብር እንዳትከፍል፤ ከከፈልክም ለእኔ አትንገረኝ። የምትደውል ከሆነ ደግሞ እባክህ በቀን ይሁን።