እናታቸው ምን ቀበረች?

ዛሬ ቤልጂየም፣ ኢፐር ከተማ ነበርኩ። ሜኒን በር የተባለው መታሰቢያ ግድግዳ ላይ ከ54,000 በላይ ስሞች ተቀርጸዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እዚህ ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ የብሪታንያና የግዛቶቿ ወታደሮች ናቸው። አንዱን መደዳ ማንበብ ጀመርኩ፤ ብዙም አልዘለቅኩም። ያው የቤተሰብ ስም ተደጋግሞ ሳይ "ወንድማማቾች ይሆኑ እንዴ?" ብዬ እዚያው ቀረሁ። ከሆኑስ፣ እናታቸው ምን ቀበረች?

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መለከት ተነፋ። እ.ኤ.አ. በ1928 የተጀመረ ሥርዓት ነው። በሁለተኛው ጦርነት ከተማዋ በጀርመን እጅ ስትወድቅ ተቋረጠ፤ በ1944 ነፃ በወጣች ዕለት፣ በዚያው ምሽት ቀጠለ። ሕፃናት ሳይቀሩ ጸጥ አሉ።

የአካባቢው ገበሬዎች ማረሻ እስከ ዛሬ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ያወጣል። አንዳንዴም አጥንት።