በሐረጎ ዳገት የተፈተነች የላሜራ ቱቦ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐረጎ በኩል ደሴ የሚገባ ሰው የሚጓዘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ የተነሣው መኪና ጦሳ ተራራ ሥር ሲደርስ 2,500 ሜትር አካባቢ ወጥቷል። ይህን መንገድ በሥራ ምክንያት በሳምንት አራት አምስት ጊዜ ስለምመላለስበት፣ መኪናዬ ስትታመም ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ የሚነግረኝ ሐረጎ ነው።

መኪናዬ ቱኬዲ የሚባለውን ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር የያዘች ሃይሉክስ ናት። አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ቱርቦ አላት፤ ቱርቦው አምቆ ያሞቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ግን የላትም። ባለፈው በጋ የቀኝ ፓራፋንጎዋ (ከጎማው በላይ ያለው የጎን ሽፋን) በመጠነኛ ግጭት ተጎድቶ ተጠገነና፣ ከዚያ በኋላ ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ትወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ካልሆነ አልወጣ አለች፤ ጥቁር ጭስም ታወጣ ጀመር። የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። መካኒኬ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ጠረጠረ፤ የኢንጀክተር ዋጋ ደግሞ ለደመወዝተኛ የሚነገር አይደለም። ለማሰቢያ አንድ ሳምንት ስጠኝ ብዬው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ የአየሩን መንገድ ከመነሻው ጀምሬ በጣቴ ተከተልኩት። የፊልትሮው ሣጥን አፍ ፓራፋንጎው ውስጥ ካለው ባዶ ቦታ ንጹሕና ቀዝቃዛ አየር በሚስብ የፕላስቲክ ቱቦ መቀጠል ሲገባው፣ ቱቦው የለም። ቱቦው ያልፍበት የነበረው ቀዳዳ በላሜራ ተደፍኖ፣ ስቱኮ ተለቅልቆ፣ ከመኪናዋ ቀለም ጋር ተመሳስሎ ተቀብቷል። ሥራው ከማማሩ የተነሣ ቀዳዳ እንደነበረበት የሚጠረጥር ሰው አይኖርም። ሞተሩ ይተነፍስ የነበረው የራሱን ትኩሳት ነበር ማለት ነው።

ይህ ለምን እንደሚጎዳ በቁጥር ላስረዳ። አየር 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር እፍግታው (በአንድ መጠን ቦታ የሚይዘው ክብደት) 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ እፍግታው ሲቀንስ ለናፍጣው መቃጠያ የሚሆነው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። ደሴ ላይ የከባቢ አየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦው 1 ባር፣ ማለትም የባሕር ዳርቻውን የአየር ግፊት ያህል፣ ጭማሪ ግፊት ይሰጣል ብንል፣ ምጽዋ ላይ አየሩን 2 እጥፍ ማመቅ የሚበቃው ሲሆን፣ ደሴ ላይ ግን ያንኑ ጭማሪ ለመስጠት 2.3 እጥፍ ገደማ ማመቅ ይኖርበታል። አየር በታመቀ መጠን ይሞቃል፤ ሲገባም ሞቆ ከገባ፣ ሲገባ የነበረው የትኩሳት ብልጫ ሲወጣ የባሰ ይሆናል። ኢንተርኩለር ያለው መኪና ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ያራግፋል፤ የእኔዋ ግን ያንን ትኩሳት እንዳለ ወደ ሲሊንደር ትልከዋለች።

ግምት ብቻውን ስለማያሳምነኝ ሽቦ ያለው ርካሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዝቼ ጫፉን የፊልትሮው ሣጥን አፍ ላይ አሰርኩና ማሳያውን ወደ ዳሽቦርዱ ሳብኩት። ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ውጭው 26 ዲግሪ ነበር። ሐረጎን ከአንድ የተጫነ ከባድ መኪና ኋላ በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ ሣጥኑ አፍ ላይ 58 አነበብኩ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከውኃ ቧንቧ መሸጫ የተገዛ ባለ 75 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ነበር። የተደፈነውን ቀዳዳ መልሼ አስከፈትኩ፣ ቱቦውን በአንድ ክርን ከሣጥኑ ጋር አገናኘሁ፣ ዳርዳሩን በሲሊኮን ሞላሁ። ለሁለት ቀን ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ደሴ ደርሼ ኮፈኑን ስከፍት ቱቦው በሞተሩ በኩል ያለው ጎኑ ለስልሶ እንደ ረጠበ ካርቶን ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ፒቪሲ 80 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ እንደሚለሰልስ ባውቅም፣ ርካሽነቱ አሸንፎኝ ነበር። የጠበበ ቱቦ ከነጭራሹ ካለመኖሩ የማይሻል ነው፤ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ያለ ቱርቦ እንኳ 3,750 ሊትር ገደማ አየር ይፈልጋልና፣ ቱርቦ ሲጨመርበት ፍላጎቱ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል።

ስለዚህ ደሴ ውስጥ ባልዲና የጭስ ማውጫ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ቆርቆሮ ሠሪ ሄድኩ። ቱቦውን በላሜራ እንዲሠሩልኝ የሰጠኋቸውን የካርቶን ሞዴል አገላብጠው አይተው፣ «ልጄ፣ ይኼ ውኃ ቢገባበት በየት ይወጣል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «ሥሩን ካልበሳነው ክረምት ላይ ፊልትሮህን ታሰጥመዋለህ» አሉና በዝቅተኛው ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጁለት። «አፉንስ ወደ ታች ላድርገው?» ብላቸው፣ «ወደ ታች ካደረግኸው የጎማውን ጭቃ ይጠጣል፤ ወደ ፊትና ከፍ ይበል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንዳንድ ሰው ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ የቱቦውን አፍ እስከ ባምፐሩ ሥር ያወርደዋል። ሐምሌ ላይ ጎርፍ የያዘ ጎድጓዳ ሲገባ ግን ሞተሩ ውኃ ይስባል፤ ውኃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅምና ቢየላ (የፒስተን ዘንግ) ያጎብጣል።

ለላሜራውና ለእጃቸው፣ ለሁለት የቱቦ ማጥበቂያ ፋሼታና ለተበላሸው ፒቪሲ ጭምር ያወጣሁት 1,500 ብር አልሞላም። ይሁንና ለውጡን ያመጣው ቱቦው ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ስገጥመው ቴርሞሜትሩ 41 ላይ ቆሞ አልወርድ አለኝ። በቱቦውና በሣጥኑ መጋጠሚያ ትንሽ ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረች፤ ሞተሩ ትኩሱን አየር በዚያች እየሳበ ነበር። ከጎሚስታ የተጣለ ካላመዳሪ ለምኜ፣ በቀለበት መልክ ቆርጬ፣ መጋጠሚያው ላይ አልብሼ በፋሼታ ሳጠብቀው በዚያው ዳገት፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ሙቀት 31 አነበብኩ። ከ58 ወደ 31 መውረድ በእፍግታ ሲሰላ የሚገባው አየር 9 በመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው።

ካላመዳሪውን ሳለብስ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። ከፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚሄደው የጎማ ቱቦ (ማኒኮቶ) በፋሼታው ሥር፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ እንደ ጥፍር ግማሽ ጨረቃ ተሰንጥቋል። ውስጡን በነጭ ጨርቅ ስጠርገው ዱቄት የመሰለ ግራጫ አቧራ ወጣ። ከፊልትሮው በኋላ የሚገባ አቧራ የሚያጣራው የለም፤ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ሊሽከረከር የሚችለውን የቱርቦ ክንፍ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የቱርቦውን ዘንግ በጣቴ ነቅነቅ አድርጌ አየሁት፤ ደግነቱ ገና ጤናማ ነበር። ማኒኮቶውን ቀየርኩ። ከዚህ ሁሉ ሥራ መኪናዋን ይበልጥ የጠቀመው ምናልባት ይኼኛው ሳይሆን አይቀርም፤ ቴርሞሜትሩ ግን ይህን አያሳይም።

ውጤቱን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልናገር። ጥቁሩ ጭስ በዓይን በሚታይ ደረጃ ቀንሷል፤ ሐረጎን እንደ ድሮው በሦስተኛ ማርሽ እወጣዋለሁ። የናፍጣ ፍጆታዋ ላይ ግን በሦስት የታንክ ሙሊት ያየሁት ልዩነት የለም። ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ 80 እየነዳሁ ስለካው ደግሞ ያለ ቱቦውም ሣጥኑ ከውጭው አየር የሚሞቀው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነበር፤ ነፋሱ ራሱ የኮፈኑን ሥር ያጥበዋልና። የፋብሪካው ቱቦ በቦታው ያለላችሁ ሰዎች ከዚህ ሥራ የምታገኙት ትርፍ ስለሌለ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ ተመልከቱ።

ሣጥኑን አውጥተው ጥለው ቆብ የመሰለ ክፍት የስፖርት ፊልትሮ የሚገጥሙ ወዳጆች አሉኝ። የቱርቦው ፉጨት እንደሚያምር አልክድም፤ ነገር ግን ያ ፊልትሮ ኮፈን ሥር ተጋልጦ የሚስበው እኔ በ1,500 ብር የሸሸሁትን ትኩስ አየር ነው። በዘይት የሚታሸው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ሲበዛ የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ያቆሽሻል። ባለቤቱ ግን ድምፁ ስለጨመረ ጉልበቷም የጨመረ ይመስለዋል።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደሴ በደንብ የዘነበ ዕለት፣ ማታ ቤት ስደርስ ሣጥኑን ከፈትኩ። ፊልትሮው ደረቅ ነበር፤ ላሜራው ሥር ግን ግማሽ የቡና ሲኒ ውኃ ተኝቷል። አዛውንቱ የበሷት ቀዳዳ በጭቃ ተደፍናለች። በድሪል 8 ሚሊ ሜትር አደረግኋትና፣ አሁን ጎማ ባስነፋሁ ቁጥር በሽቦ እጎረጉራታለሁ።